በቴሌቪዥን መስኮት አየነው

ቴሌቪዥን የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያየሁት ደብዳቤ ላይ ነው። ዕቃውን ራሱን በዓይኔ ለማየት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቃሉን ባነበብኩበት ቀንና በማግሥቱ የሆነውን ነው ዛሬ የምነግራችሁ። ስለ ራሴ ደግ ነገር የሚናገር ታሪክ አይደለም። ዕድሜዬ ስለገፋ ግን ከእኔ ጋር ተቀብሮ እንዲቀር አልፈለግሁም።

ጊዜው ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ተምሬ ደባርቅ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የተወለድኩባት መንደር ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ርቃ ያለች የገብስ አገር ናት። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ።

በመንደራችን አስኳላ የዘለቀ እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብዳቤ የሚያነብ እኔ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚያስረዳ እኔ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚናገር እኔ። የማላውቀው ነገር ሲመጣም "አላውቅም" ብዬ አላውቅም። እንዲያ ማለት ሱሪ አውልቆ ገበያ እንደ መውጣት የሚያሳፍር ይመስለኝ ነበር። ሰዉ ነው እንዲህ ያበላሸኝ ልል አሰብኩና ተውኩት። በሰው አላሳብብም፤ ራሴ ደስ ይለኝ ነበር።

እማ ውድነሽ የቤተሰቦቼ ጎረቤት ናቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ አንድ ልጃቸውን ሞላን ብቻቸውን አሳደጉ። ሞላ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ጥርሰ ፍንጭት ነበር፤ ፍንጭቱን ለማሳየት ይመስል በትንሹም በትልቁም ይስቃል። አንድ ቀን ከደባርቅ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሄደና ወታደር ተቀጠረ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሁለት ዓመት ያህል ወሬው ከጠፋ በኋላ በዳባት ገበያ ያለፈ አንድ ወታደር፣ "ሞላ የሚባል የእናንተ አገር ልጅ ምሥራቅ ጠረፍ ቆስሎ ሆስፒታል ሞተ ሲሉ ሰምቻለሁ" ብሎ ተናገረ። ወሬው ከሰው ሰው እየዞረ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እማ ውድነሽ አላምንም አሉ። መቼም የእናት ነገር ነው ብሎ ሰው ለጊዜው ተዋቸው። ውሎ ሲያድር ግን ጭንቀቱ በረታ። ሞላ ሞቶ ከሆነ ፍትሐት ሳይደረግለት ነፍሱ ተንከራታለች ማለት ነው። በሕይወት ካለ ደግሞ ለሕያው ሰው ፍትሐት ማስደረግ የሚያስፈራ ነገር ነው፤ በቁሙ ቀበረችው ይባላል፣ ሞትን የሚጠራ ነው የሚሉም አሉ። እማ በእነዚህ በሁለቱ መካከል አንድ ዓመት ሙሉ ቆዩ። አላለቀሱም፤ ጠጉራቸውን አልተላጩም። ወንድማቸው አያ በላይ፣ "እኅቴ፣ ነፍሱን አትበድይበት" እያሉ ለመኗቸው። የንስሐ አባታቸው አባ ወልዴም መከሩ። በመጨረሻ እሺ አሉ። ፍትሐቱ ለአንድ የጥር ቅዳሜ ተቀጠረ፤ ለካህናት ተነገረ፣ ዘመድ ከጃናሞራ ድረስ ተጠራ።

ደብዳቤው ትምህርት ቤት የደረሰው በዋዜማው ዓርብ ነው። "ለወይዘሮ ውድነሽ" ይላል ፖስታው፤ ላኪው አለሙ ነበር፤ የእማ ውድነሽ የአጎት ልጅ፣ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ዘበኛ ሆኖ የሚኖር። የሰው ደብዳቤ በመንገድ አልከፍትም ነበር፤ ይቺን እንኳ ለራሴ ልመስክር። ኪሴ ውስጥ እንደታሸገች አገሬ ገባሁ።

የእማ ውድነሽ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ለነገው ዳስ እንጨት ያቆማሉ፤ ሴቶቹ ጠላ ያጠላሉ። ደብዳቤ መምጣቱን ስናገር ሁሉም የያዘውን አስቀምጦ ከበበኝ። እማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፖስታውን ቀድጄ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሰላምታው እንደ ልማዱ ረጅም ነው። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

"ሞላ ሞተ ተብሎ የተወራው ውሸት መሆኑን ላበሥርዎ ነው የጻፍኩ። ባለፈው ሳምንት እኔና የቤቱ ሰዎች በቴሌቪዥን መስኮት አየነው። ከወታደሮች ጋር ነበር። ጠቆር ብሏል እንጂ ደህና ነው፤ ያን ፍንጭቱን እያሳየ ሳቅ አለ። ቢጠሩት የሚሰማ አይደለምና ዝም ብዬ አየሁት። ወዲያው አለፈ።"

ከግርጌው ላይ የጌታው የስልክ ቁጥር ተጽፏል።

ከዚያ አባ ወልዴ በዝግታ ጠየቁኝ። "መምህር፣ ይኸ ቴሌቪዥን የሚል፣ ምን ማለት ነው?"

አየኋቸው። ከአርባ የማያንስ ሰው ዓይኔ ዓይኔን ያያል። ቃሉን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ግን ደባርቅ ስልክ ቤት በራፍ ላይ "ቴሌ" ተብሎ መጻፉን አውቃለሁ፤ ከውስጥም ሰው ከፍሎ ስልክ የሚጠይቅባት አንዲት መስኮት መኖሯን አውቃለሁ። ሁለቱን ለማጋጠም ትንፋሽ የሚያህል ጊዜም አልፈጀብኝ።

"ቴሌ እንግዲህ ስልክ ነው፣ አባ" አልኩ። "ቴሌቪዥን የሚሉት ዋናው፣ ትልቁ ስልክ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ያለው። ሰው ስልክ ለመጠየቅ መስኮት ላይ ይቆማል። ሞላ እዚያ ቆሞ ነው ያዩት።"

"ከወታደሮች ጋር ይላል" አሉ አያ በላይ።

"ከባልደረቦቹ ጋር ወረፋ ይዞ ነዋ።"

"ቢጠሩት ለምን አይሰማም ታዲያ?"

"የአዲስ አበባን ጫጫታ አያውቁትም፣ አያ!"

ሰው ሳቀ። እልልታው ከሴቶቹ ወገን ፈነዳ። አያ በላይ በጉልበታቸው ወድቀው መሬቱን ሳሙ። ለለቅሶ የተጠመቀው ጠላ ለደስታ ተቀዳ። አንዱ ሽማግሌ ግንባሬን ሳመኝና "አንተ ባትኖር ይኼን ማን ይፈታልን ነበር" አለኝ። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

እልል ያላሉት እማ ውድነሽ ብቻ ናቸው። አጠገባቸው ጠርተው አስቀመጡኝና፣ "አየነው የሚል የቱ ላይ ነው?" አሉኝ። ጣታቸውን ይዤ ቃሉ ላይ አኖርኩላቸው። ጣታቸውን ሳያነሡ ቆዩ።

"ስልክ ቤት ከታየ እንግዲህ ስልክ ይደርሰዋል ማለት ነው" አሉ። "ነገ ደባርቅ ውሰደኝ። አንድ የምጠይቀው ነገር አለኝ።"

"ምንድን ነው እማ? እኔ ልጠይቅልዎ።"

"የለም። እኔው ነኝ የምጠይቅ።"

በማግሥቱ ማለዳ ወጣን። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። እማ ከሳጥን ያወጡትን ነጭ ነጠላ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው፣ የደስታ አለባበስ ለብሰው፣ ከእኔ ቀድመው ይራመዳሉ። በስተርጅና እንዲህ መሮጥ ከየት መጣ እያልኩ እከተላለሁ።

"ስልክ ላይ መጀመሪያ ምን ይባላል?" አሉኝ።

"ሃሎ ይባላል።"

"እንደምን አደርክ አይባልም?"

"ከሃሎ በኋላ ይባላል።"

"ሃሎ" አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ፣ "ሃሎ። ሃሎ" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። "ሌሊቱን ስሰግድ አደርኩ። ልጄን በቁሙ ልቀብረው ነበር እኮ! ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ ስለው ነጋ።"

"ይቅር ይልዎታል እማ፤ ባለማወቅ ነው" አልኳቸው። ባለማወቅ ስል አፌን እንኳ አልያዘኝም።

ስልክ ቤቱ የደረስነው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። የስልክ ሠራተኛው ተስፋዬ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ አዲስ አበባ ለዚህ ሥራ ሠልጥኖ የመጣ፣ አልፎ አልፎ አብረን ምሳ የምንበላ ሰው። እማን ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና ገባሁ። ቴሌቪዥን ከሚባለው ከዋናው ስልክ ቤት ጋር አገናኘን አልኩት። ሳቀ። የምቀልድ ስለመሰለው ደብዳቤውን ሰጠሁት። እያነበበ ሳቁን ቀጠለ፤ ድንገት በመስኮቱ አሻግሮ አሮጊቷን አየና ሳቁን ዋጠው።

"ቴሌቪዥን እኮ የእኛ አይደለም" አለኝ። "ሣጥን ነው። ፊት ለፊቱ መስታወት ነው፤ እሱን ነው መስኮት የሚሉት። ሬዲዮ ድምፅ ያመጣ የለም? ይኸ ደግሞ ከድምፁ ጋር ሥዕል ያመጣል። የሚንቀሳቀስ ሥዕል።"

"ሥዕል?"

"ሥዕል። ሰውዬው እዚያ የለም። አንተ ታየዋለህ፣ እሱ አያይህም።"

"ሥዕሉ ግን የዕለቱ ነው አይደል? ዛሬ ከታየ ዛሬ አለ ማለት ነው?"

"አንዳንዴ የዕለቱ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የቆየ ፊልም ያሳያሉ። ሰልፍ ምናምን ከሆነ የቀድሞውን ይደግሙታል።"

"የሞተ ሰውም ይታያል?"

ተስፋዬ መልስ ከመስጠቱ በፊት እንደገና ወደ ደጅ አየ። "ለምን አይታይም" አለ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ የሠራሁት ሁሉ ገባኝ። ፍትሐቱ ቀርቷል፣ ካህናቱ ተበትነዋል፣ አገር ሁሉ እልል ብሏል፤ ይህ ሁሉ "አላውቅም" ለማለት ስላፈርኩ። ተስፋዬ "ሂድና ንገራቸው" አለኝ። ሦስት ጊዜ ወጣሁ። መጀመሪያ ስወጣ "ተገኘ?" አሉኝ፤ "ገና ነው" ብዬ ተመለስኩ። ሁለተኛ ስወጣ ዳቦ ገዝቼ ሰጠኋቸው፤ "ድምፁን ሳልሰማ አልቀምስም" ብለው አጠገባቸው አኖሩት። በሦስተኛው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ "ሃሎ" ይላሉ ለራሳቸው። ተመልሼ ገባሁ።

"እንግዲያው የጌታውን ስልክ እንጠይቅ" አለ ተስፋዬ ሲታክተው። "ዘበኛው ራሱ ያየውን ይንገራቸው።" የእኔን ሸክም አለሙ ትከሻ ላይ መጣል መሆኑን አውቄ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

በዚያን ጊዜ ከደባርቅ አዲስ አበባ መደወል እንዲህ እንዳሁኑ አይደለም። ጎንደር ይጠየቃል፣ ጎንደር ደግሞ ሌላውን ይጠይቃል፣ መስመር እስኪለቀቅ ይጠበቃል። እኩለ ቀን አለፈ። ገበያተኛው መመለስ ጀመረ። እማ ከአግዳሚው አልተነሡም፤ ጀርባቸውም ዘንበል አላለም። ለሞላ ሳይሆን ለአለሙ እንደሚደወል ስነግራቸው፣ "አለሙ አይቶት የለም? እሱም ይበቃኛል" አሉ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ተስፋዬ በእጁ ጠራኝ። እማን ደግፌ አስገባኋቸውና እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። የአለሙ ድምፅ እየሄደ እየመጣ ለእኔም ይሰማል።

"ሃሎ!" ብለው ጮኹ እማ። "እንደምን አደርክ፣ አለሙ!"

"እማ! አንቱ ነዎት? ደብዳቤዬ ደረሰዎ?"

"ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥህ። አለሙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እጁ እንዴት ነው?"

"ምን አሉ?"

"እጁ! የሞላ ቀኝ እጁ!"

አለሙ ሳቀ። "እጁማ ምን ይሆናል! ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው አድርጎ፣ ግራውን እያወናጨፈ ነው የሚራመድ!"

"ጠመንጃውን በምን ይዞ?"

"በእጁ ነዋ! በቀኝ እጁ!"

"ራሱ ሞላ ነው? አልተሳሳትክም?"

"ሞላን ልስት? ፍንጭቱን እያየሁ?"

እማ እጀታውን ከጆሯቸው አንሥተው ለእኔ ሰጡኝና ዞረው ወጡ። እኔ፣ "አለሙ፣ ያየኸው ሥዕል የመቼ ነው?" አልኩ። "እሱንስ አላውቅም፤ ጌቶች የቆየ ሰልፍ ነው ሲሉ የሰማሁ ይመስለኛል። ምነው? ምን ሆናችሁ?" አለኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

እማ አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ከግድግዳው ሥር ቆመዋል።

"ሞላ ቀኝ እጅ የለውም" አሉኝ። "ከቆሰለ በኋላ ሆስፒታል ሆኖ ጽፎልኝ ነበር። አንተ ጎንደር ነበርክና አባ ወልዴ ናቸው ያነበቡልኝ። ከክርኔ በታች ቆርጠውታል፣ ለሰው አትንገሪብኝ፣ ሲሻለኝ እመጣለሁ ይላል። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።" ወደ ስልክ ቤቱ በር ዘወር አሉ። "እጁ ዳነለት ወይ ብዬ ነበር የምጠይቅ።"

ቀና ብለው አዩኝ።

"መምህር፣ እንግዲህ አለሙ ያየው እጁ ሳይቆረጥ በፊት የነበረውን ነው። ያ ቴሌቪዥን የሚሉት ያለፈውን ነው የሚያሳይ?"

"ያለፈውንም ያሳያል፣ እማ። ሥዕል ነው።"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። ተስፋዬ ነገረኝ።"

"ትናንትስ?"

"ትናንት አላውቅም ነበር። የማውቅ መስዬ ተናገርኩ።"

ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ትናንት ሌሊት ለነፍሱ ነበር መስገድ የነበረብኝ" አሉ። "ዛሬም ካህናቱ በስሙ ይቆሙለት ነበር። ስንት ዘመን የጠበቀ ልጅ፣ ቀኑን ከደጁ መለስንበት።"

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክንዴ ያዙኝ። "አሁን አይደለም። እንሂድ፣ ይመሻል" አሉ።

ጠዋት ሮጠው የመጡበትን መንገድ አሁን እያረፉ ይሄዱታል። ከመንደራችን በላይ ካለው ጉብታ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከታች ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀናል፤ እንዳዩን እልልታውን ለቀቁት። አያ በላይ ጋቢያቸውን በአየር እያውለበለቡ ሽቅብ መጡ።

እማ ውድነሽ ቆሙ። ነጠላቸውን ከላያቸው አወረዱ። ዘርግተው ገለበጡትና ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው አዘቅዝቀው ለበሱ። በአገራችን ይህን አለባበስ ከሩቅ አይቶ የማያውቀው የለም። እልልታው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። አያ በላይ ባሉበት ቆመው ቀሩ።

ወርደን ሰዉ መካከል ገባን። እማ ወደ እኔ ዞሩና፣ "አንተ ነህ ያነበብክላቸው፤ አንተው ንገራቸው" አሉኝ።

መርዶ ነጋሪ ሆኜ አላውቅም ነበር። በአገራችን መርዶ የሚነግር ሰው ጥበቡን የሚያውቅ፣ ነገሩን አለሳልሶ የሚያመጣ ሽማግሌ ነው። እኔ ጥበቡ የለኝም። "ትናንት ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር" አልኩ። "ስልክ ቤት ነው ያልኳችሁ ከራሴ አውጥቼ ነው። ሥዕል ነው። የቆየ ሥዕል። አለሙ ያየው ሞላ ሳይቆስል በፊት የነበረውን ነው። ሞላ ስለመኖሩ የምናውቀው ምንም ነገር የለም።"

ያን ጊዜ ነው እማ ውድነሽ ያለቀሱት። ሦስት ዓመት ያጠራቀሙትን። አባ ወልዴ ከሰዉ ኋላ ቆመው መስቀላቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ እማ ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ምን እንደሚጠይቁ አባ ያውቁ ነበር፤ ግን የንስሐ ልጃቸው ምስጢር ስለሆነ አንድ ቃል ሊወጣቸው አልቻለም። ካህናቱ ተመልሰው ተጠሩ፤ ፍትሐቱ በሳምንቱ ተደረገ። እማ ጠጉራቸውን ተላጩ። ሞላ አልተመለሰም፤ ከዚያ በኋላም አየሁት ያለ ሰው አልመጣም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ነገር በኋላ ሌላ ሰው ሆንኩ ብላችሁ አትመኑኝ። ሰው በአንድ ቀን እንዲያ አይለወጥም። ግን ሰኞ ክፍል ገብቼ አንዱ ተማሪ ስለ ከዋክብት ሲጠይቀኝ፣ አፌ ሊፈጥር ሲከፈት ያቺ የተዘቀዘቀች ነጠላ ታየችኝና፣ "አላውቅም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ" አልኩ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዳንዶቹ ናቁኝ። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፤ ብዙ ጊዜ እንዲያ ብያለሁ፣ ሁልጊዜም ያሳፍረኛል። ዕፍረቱ አልለቀቀኝም፤ አፌን መያዝ ብቻ ተማርኩ። እናንተ ዛሬ የማታውቁትን በእጃችሁ ባለው ስልክ ትፈልጉታላችሁ፤ ግን ሰው ፊት ስትጠየቁ ያቺ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ለእናንተም ትመጣለች። በዚያች ጊዜ ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ምን እየጠበቀ እንደሆነ አስቡ።

ከቴሌቪዥን ጋር ያለኝ ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ንጉሡ ወርደው፣ ዘመን ተለውጦ፣ እኔም ጎንደር ተዛውሬ ሚስት አግብቼ ልጆች ወልጄ፣ አንድ ቀን ያን ሣጥን ገዛሁ። ልጆቼ ዘፈንና ድራማ ሲያዩ እኔ ሌላ ሥራ እሠራለሁ። የወታደር ሰልፍ ሲመጣ ግን ማንም ሳይጠራኝ መጥቼ እቆማለሁ። ፍንጭት ጥርስ ነው የምፈልገው። ለምን እንደምቆም ለቤተሰቤ አልተናገርኩም።

እማ ውድነሽ በጣም ካረጁ በኋላ ለዓይን ሕክምና ጎንደር መጡና እኔ ቤት አረፉ። ከዚያ ከስልክ ቤቱ ቀን በኋላ ቂም አልያዙብኝም፤ ስለዚያ ቀን ተነጋግረንም አናውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰልፍ መጣ። የቆየ ፊልም ነበር፤ መስመር መስመር ይላል። የማርሹን ድምፅ ስሰማ ደንግጬ ልዘጋው ተነሣሁ።

"ተወው" አሉኝ። "ያ ነገር ነው? መስኮቱ?"

"አዎ፣ እማ።"

"ወታደሮች ናቸው?"

"ናቸው።"

በርጩማቸውን እየጎተቱ ቀረቡ፤ መስታወቱን ሊነኩት ትንሽ እስኪቀራቸው። "ዓይኔ ብርሃን እንጂ ሰው አይለይልኝም" አሉ። "አንተ እይልኝ። አለ?"

አጠገባቸው ተንበርክኬ አየሁ። ወጣቶቹ ረድፍ በረድፍ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ይስቃል። ከመካከላቸው አንዱን፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ልብ ብዬ አየሁት። እሱ ይሁን አይሁን ልለይ ሞከርኩ። ልጁ አለፈ።

"አለ?" አሉኝ እንደገና።

"አላውቅም፣ እማ" አልኳቸው። "መልኩ ጠፍቶኛል።"

ፊታቸውን ከመስታወቱ አላነሡም። እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙ።

"እኔም ጠፍቶኛል፣ የኔ ልጅ" አሉ። "ለዚህ ነው ማየት የፈለግሁ።"